የሰጠመውን ልኬልሻለሁ

መስከረም 18 ቀን

ለወንድሜ ልጅ፤

እግርሽ ከእንቅፋት፣ ደረትሽ ከብርድ ይጠበቅ። እኔ ከትከሻዬ በቀር ደህና ነኝ።

ከሁሉ አስቀድሞ ልትረጂው የሚገባሽ ነገር አንድ ነው፤ በትምህርት ቤታችን ግቢ ያለው ዛፍ ሊቆረጥ ነው። ርዕሰ መምህሩ አዲስ መማሪያ ክፍሎች ሊያሠራ መሠረቱ የሚቆፈርበትን በኖራ አስምሯል፤ መስመሩ ጥዱን መሀል ለመሀል ያልፍበታል። ቁፋሮው የሚጀመረው ትምህርት ሲዘጋ ነው። ስለዚህ ከዚህ ዛፍ የምትፈልጊው ካለ ዘንድሮ ነው፤ ለከርሞ የለም።

በነሐሴው ደብዳቤሽ የጠየቅሽኝን በተራ እመልሳለሁ። በአቅራቢያው ሌላ ጥድ አለ ወይ ላልሽው፣ የለም። ከፎቁ ሰገነት ሆኜ አራቱንም ማዕዘን አየሁ፤ አላመንሁም፣ የደን ጠባቂውንም ጠየቅሁ። “የእርስዎ ጥድ ዘመድ የለውም” አለኝ። በእግር ቀኑን ሙሉ ብትሄጂ ሁለተኛ አታገኚም። የአገራችን ጥድ አይደለም፤ ከውጭ አምጥቶ ማን እንደተከለው የሚያውቅ ሰው የለም። ፍሬ አለው ወይ ላልሽው፣ አለው፤ ያ እንጨት የሚመስለው ቅርፊታሙ ፍሬ በላይኞቹ ቅርንጫፎች ሞልቷል። ከአጠገቡም የአውራ ጣት ጥፍር የሚያህሉ ገና ያልደረሱ አረንጓዴ ጭቅላዎች አሉ። ማን ያወርደዋል ላልሽው፣ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ እሺ ብሎኛል። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ በየጠዋቱ እዛፉ ሥር እንደምቀመጥ ታውቂያለሽ፤ ከዘበኛው ጋር ተላምደናል።

አሁን የእኔ ተራ ነው። ዘሩ ለምን እንደሚፈለግ አልነገርሽኝም። ምክንያቱን የማያውቅ ተማሪ ትእዛዝ ይፈጽማል እንጂ ሥራ አይሠራም። በስልክ ልንገርዎ እንዳትዪኝ፤ ስልክ የተባለውን አያስቀምጥም፤ ነገ “እንዲህ አላልሁም” ለማለት ይመቻል። ጻፊው። መቼ እንደምትመጪም ደጋግሜ ጠይቄሽ መልስ አላገኘሁም። ያልተመለሰ ጥያቄ ዜሮ መሆኑን አልረሳሽውም ብዬ አምናለሁ።

አክስትሽ

ኅዳር 6 ቀን

ለተከበሩ አክስቴ፤

ሰላምና ጤና ከደጅዎ አይጥፋ። ትከሻዎን ይማርልኝ። የዘገየሁት ሥራ አላስቀምጥ ብሎኝ ነው።

እትዬ፣ ምክንያቱን ብጽፍልዎ ሦስት ገጽ ይፈጃል፤ ሦስቱንም ገጽ በቀይ እስክሪብቶ አርመው ይመልሱልኛል። እኔ ደግሞ የእርስዎ ተማሪ መሆኔ ካበቃ ቆየ። ዘሩን ከፍሬው አውጥተው ይላኩልኝ፤ የቀረውን እኔ አውቃለሁ።

አንድ ነገር ግን ቢያውቁልኝ ደስ ይለኛል። የሥራ ውሌ በክረምቱ ያልቃል። እዚህ ሰው አገር፣ በዘር ምርምር ክፍል ውስጥ አራት ሆነን በአንድ ረጅም ጠረጴዛ ዙሪያ እንቀመጣለን፤ ጀርባችንን ማቀዝቀዣው ያንዘፈዝፈዋል፤ ቀኑን ሙሉ ማይክሮስኮፕ ላይ አጎንብሰን ውለን ስንነሣ አንገታችን አይዞርም። ቋሚው ቦታ አንድ ነው። የሚቀረው አዲስ ነገር ያገኘ ሰው ነው። ለሌሎቻችን ውሉ ሲያልቅ የመኖሪያ ፈቃዱም አብሮ ያልቃል። አለቃችን ደግ ሰው ነው፤ ሲያባርር እንኳ ወንበር አቅርቦ ነው። ያ ዛፍ ብቻውን መቆሙ ለእኔ ሎተሪ ነው፤ እንዲህ ያለ ጥድ ሌሎቹ የላቸውም።

ስለ መምጣቴ፣ እናያለን።

የወንድምዎ ልጅ

ጥር 11 ቀን

ለወንድሜ ልጅ፤

እጅሽ የነካው ይቅናልሽ።

ዘሩ በጨርቅ ከረጢት ሆኖ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ተልኳል። አወራረዱ ቀላል አልነበረም። ዘበኛው መሰላሉን አስደግፎ ገና ከመሀል ሳይደርስ ይጮህ ጀመር።

“እትዬ መምህርት፣ ከወደቅሁ ሚስቴን ማን ይጦርልኛል?”

“ሚስትህማ ገና ይሻላታል። ቀኝ እጅህን ወደ ላይ!”

“ቀኙን ሙጫው ይዞታል!”

“እንግዲያው በግራህ!”

“ግራው ዛፉን ይዟል፤ እኔን የያዘኝ እግዜር ብቻ ነው!”

በጩኸቱ ርዕሰ መምህሩ በመስኮት ብቅ አለ። ጭራው ነው፤ ታስታውሺዋለሽ፣ በየዓመቱ ከክፍሉ መጨረሻ ሲወጣ ስሙን እኔው ያወጣሁለት። አሁን ከረባት ያስራል።

“ፈቃድ አለዎት?” አለኝ።

“ፈቃድ የሚጠይቀው ተማሪ ነው” አልሁት። መስኮቱን ዘጋው።

ፍሬዎቹን ፀሐይ በሚገባበት መስኮቴ ላይ አሰጣኋቸው። ሲሞቃቸው ቅርፊታቸው ቀጭ ቀጭ እያለ ተከፈተ፤ በየቅርፊቱ ሥር ሁለት ሁለት ዘር ከነክንፉ ተጣብቆ ነበር። ክንፉን በጣቴ አሽቼ አነሣሁለት። ከዚያ በኋላ ያደረግሁትን ደረጃ በደረጃ ልጽፍልሽ ወረቀት አዘጋጅቼ ነበር፤ “የቀረውን እኔ አውቃለሁ” ያልሽው ትዝ ሲለኝ ተውሁት። የሚያውቁትን ማስተማር ጊዜ ማባከን ነው።

መቼ እንደምትመጪ መጠየቁን ትቻለሁ። ፎቶግራፍሽን ላኪልኝ፤ ጉርድ ይበቃል።

አክስትሽ

መጋቢት 2 ቀን

ለውድ አክስቴ፤

እንዴት ነዎት? ደስታዬን ይካፈሉኝ፤ ዛሬ ምርቃቱን ለእርስዎ ትቼዋለሁ፣ እኔን ይመርቁኝ!

አሁን ምክንያቱን ልንገርዎ፤ ሦስቱም ገጽ ይሁን። ጥድ ወንዴውንም ሴቴውንም የሚይዘው በአንድ ግንድ ላይ ነው። የወንዴውን ብናኝ የሚያደርስለት ነፋስ ነው። ያ በየዓመቱ መስኮቱን ሁሉ ቢጫ የሚያደርገው፣ እርስዎ “የትኛው ባለጌ ነው ጠመኔ የበተነው?” እያሉ ክፍሉን ሁሉ የገረፉበት አቧራ፣ እሱ ነው። ጎረቤት ያለው ጥድ ከጎረቤቱ ይወልዳል። ብቻውን የቆመ ግን የገዛ ብናኙ በገዛ ፍሬው ላይ ያርፋል። እንዲህ ሲሆን የሚበዛው ጽንስ ገና በዘሩ ውስጥ ሳለ ይሞታል፤ ሽፋኑ ግን ማደጉን አይተውም። ከውጭ ሲያዩት ዘር ነው፤ ውስጡ ባዶ። እኔ የፈለግሁት ያንን ባዶውን ቆጥሬ ከሌሎች አገሮች ጥዶች ጋር ላወዳድረው ነበር።

ከረጢቱ እንደደረሰኝ ዘሩን በሳህን በሳህን አድርጌ ራጅ አነሣሁት። ሙሉ። ሁለተኛውን ሳህን አነሣሁ። ሙሉ። አንድም ባዶ የለም! አጠገቤ ያለችው ባልደረባዬ “ማሽኑ ተበላሽቷል” አለች፤ የራሷን ዘር አስገብታ ስታይ ማሽኑ ደህና ነው። አለቃችን መነጽሩን አውጥቶ ጠረገና፣

“ይህን የላከልሽ ማን ነው?” አለኝ።

“አክስቴ ናት፤ ጡረታ የወጣች መምህርት።”

“እጇን ሳሚልኝ። ይህ ዛፍ ባዶ ዘር አያውቅም።”

ባለፈው ሳምንት በተመራማሪዎች ጉባኤ ላይ ቆሜ ተናገርሁ፤ ብቻውን ቆሞ፣ ከራሱ ወልዶ፣ ምንም የማይሞትበት ጥድ ተገኘ ብዬ። አዳራሹ አጨበጨበ። ቋሚው ቦታ የእኔ እንደሚሆን አለቃዬ በጆሮዬ ነግሮኛል፤ ወረቀቱ በሰኔ ይፈረማል።

እንግዲህ እትዬ፣ ብቻውን የኖረ ሁሉ ባዶ አይቀርም ማለት ነው። ይህን በማወቅዎ እርስዎም ይጽናኑ ብዬ ነው፤ ሃሃ።

የወንድምዎ ልጅ

መጋቢት 24 ቀን

ለወንድሜ ልጅ፤

ማስተዋልን ይስጥሽ።

የላክሁልሽ ዘር የሰጠመው ብቻ ነው። ዘር የሚዘራ ሰው ሁሉ እንደሚያደርገው ባልዲ ውሃ ውስጥ ጨምሬ አሳደርሁት። ጠዋት የሰጠመውን አውጥቼ አደረቅሁ፤ የተንሳፈፈውን፣ ባዶ ነውና፣ አጥልዬ ጓሮ ደፋሁት። የተንሳፈፈው ከሰጠመው እጅግ ይበልጥ ነበር። ምን ያህል ይበልጥ? አልቆጠርሁትም፤ አልጠየቅሽኝምና። ለምን እንደምትፈልጊው ብትነግሪኝ ኖሮ አንዲት ፍሬ አልጥልም ነበር። ዛሬ ነገርሽኝ፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

ስለዚህ ባዶ የሌለው ዛፉ አይደለም፤ ከረጢቱ ነው። በአዳራሹ የተናገርሽው ስህተት ነው። ሳትውዪ ሳታድሪ ሄደሽ አርሚ። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል፤ ስህተት ግን እያደር ይከብዳል።

ብቻቸውን ስለኖሩ ሰዎች የጻፍሽውን አንብቤዋለሁ። ቀልድ መሆኑ ገብቶኛል። ከአሥር አንድ ሰጥቼሻለሁ፤ አንዱም ለእጅ ጽሕፈትሽ ነው።

አክስትሽ

ሚያዝያ 15 ቀን

ለአክስቴ፤

ሰላምታውን ዘልዬዋለሁ።

ደብዳቤዎን ያነበብሁት ሽንት ቤት ውስጥ በሩን ቆልፌ ነው። ስወጣ ባልደረባዬ “ሰው ሞቶብሽ ነው?” አለችኝ። ዘር ሞቶብኝ ነው አልላት ነገር!

ከተማው ሁሉ “ወንፊት” የሚልዎ በከንቱ አልነበረም። ሰው ሁሉ በእርስዎ ባልዲ አልፏል። አርፎ የተቀመጠው ይሸለማል፤ ከላይ የዋለለው ጓሮ ይደፋል። እናትና አባቴን በአንድ አደጋ ባጣሁ በሳምንቱ፣ የማባዛት ሰንጠረዡን መሀል ላይ ስለረሳሁት ከሰሌዳው ፊት እስከ ደወል አቁመውኛል። ክፍሉ በሙሉ ያየኝ ነበር። ማታ ቤት ስንገባ አንድ ቃል ይተነፍሳሉ ብዬ ጠበቅሁ። “ሰባት ጊዜ ስምንት?” አሉኝ። ልጅ አልወለዱም፤ ከሰማይ የወረደችልዎ ልጅ እኔ ነበርሁ፤ እኔንም አጥልለው ደፉኝ። ባዶውን ዘር ለማወቅ ራጅ ማንሣት አያስፈልገኝም ነበር፤ ባዶ ቤት ውስጥ ነው ያደግሁት።

አሁን የምለምንዎ አንድ መስመር ነው። “ዘሩን ሳልለይ እንዳለ ልኬአለሁ” ብለው ይፈርሙልኝ። የተደፋው በስብሷል፤ ማን ያየዋል? አለቃዬ ለመዝገቡ ዘሩን የሰበሰበውን ሰው ቃል ጠይቆኛል። ያ መስመር ካለ ቦታው የእኔ ነው። ከሌለ በክረምቱ ሻንጣዬን ይዤ ወደዚያ ባዶ ቤት ነኝ፤ እርስዎም አይፈልጉኝ፣ እኔም አልፈልግዎ።

እውነተኛው መንገድስ እንዳይሉኝ፣ አለ። የጥድ ፍሬ በዓመቱ አይደርስም። ዘንድሮ ብናኙን የተቀበለው ዘር የሚሆነው ለከርሞ ነው። እነዚያ የጥፍር ያህል ያሏቸው ጭቅላዎች ከርሞ ቢለቀሙ እንደ ገና መቁጠር ይቻላል። አለቃዬ ፊት ወድቄ “ተሳስቻለሁ፣ አንድ ዓመት ጨምሩልኝ” ብል ምናልባት ይጨምርልኝ ይሆናል። ለዚያ ግን ዛፉ መቆም አለበት፤ ዛፉ እንዲቆም ደግሞ እርስዎ ጭራውን መለመን አለብዎ። እርስዎ ሰው ከሚለምኑ ድንጋይ ቢያለቅስ ይቀላል። ስለዚህ ውሸቱን ይምረጡ፤ እሱ እንኳ ለእርስዎ አይከብድም።

ቶሎ ይላኩልኝ።

ግንቦት 9 ቀን

ለወንድሜ ልጅ፤

ሌሊትሽ እንቅልፍ ያለበት ይሁን።

መስመሩን አልፈርምም። ይህ የመጀመሪያው መልስ ነው። ሁለተኛው ረዘም ይላል።

ባለፈው ሐሙስ ወደ ጭራው ሄድሁ። መምህራኑን ሰብስቦ ስብሰባ ላይ ነበር። ገብቼ “አንድ ጉዳይ ነበረኝ” ስል፣

“እትዬ፣ እዚህ ቤት ለመናገር የሚፈልግ እጁን ያወጣል። ሕጉ የእርስዎ ነው” አለኝ።

መምህራኑ ሳቁ። እጄን አወጣሁ። እሱም ስለ ጠመኔ ተነጋገረ፤ ስለ መጸዳጃ ቤት ቁልፍ ተነጋገረ፤ ማነው ደወሉን አዘግይቶ የሚደውለው ብሎ ተቆጣ። ትከሻዬ እሳት ሆኖ ነበር፤ እጄን አላወረድሁም። በመጨረሻ በጣቱ ጠቆመኝ።

“እሺ፣ ከኋላ ያሉት።”

“ጥዱ አንድ ዓመት እንዲቆይልኝ እለምንሃለሁ” አልሁት።

“ማንን ነው የሚለምኑት?”

“አንተን።”

“እኔ ስም አለኝ። እዚህ ያሉት ወጣቶች ናቸው፤ አያውቁም። ምን ብለው ነበር የሚጠሩኝ?”

“ጭራው።”

የስፖርት መምህሩ ሳቁን በሳል ሸፈነው። ጭራው ግን አልሳቀም፤ ሁለት እጁን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ፣ “እንግዲህ ይህን ሁሉ መምህር የሚያስተዳድር ሰው መጨረሻ ሊወጣ አይችልም ነበር ይበሉ። ‘አስተራረሜ የተሳሳተ ነበር’ ይበሉ፤ ዛፉ ይቆያል” አለኝ።

ቀላል ነበር። አንቺ ብትሆኚ ብለሽው ወጥተሽ ነበር። እኔም ልል አፌን ከፍቼ ነበር።

“ወረቀትህን ሁለት ሁለት ጊዜ ነበር የማርመው፤ ካርዱን ከመጻፌ በፊት ሦስተኛ አየው ነበር። መጨረሻ ወጥተሃል” አልሁት።

ጭራው ከረባቱን አስተካከለ።

“ሦስት ጊዜ አይተውልኛል? እንግዲያው ዛፉ ይቆያል” አለ ቀስ ብሎ። “መሐንዲሱን አናግሬ ክፍሎቹን ወደ ኳስ ሜዳው አዞራቸዋለሁ። ዓመቱን ሙሉ ይቆምልዎታል። እርስዎ ግን ከነገ ጀምሮ በዚህ በር አይገቡም። ከአጥሩ ውጭ ሆነው ያዩታል።”

በማግስቱ ዘበኛው በሩ ላይ ቆሞ ኮፍያውን በእጁ ያሽከረክር ነበር። “እትዬ መምህርት፣ እኔ የታዘዝሁትን ፈጻሚ ነኝ፤ አይቀየሙኝ” አለኝ። ሥራህን ሥራ አልሁት። አሁን ከአጥሩ ማዶ ጫማ ጠጋኙ አጠገብ ድንጋይ ላይ እቀመጣለሁ። ልጆች ሲያልፉ ይጠቋቆማሉ። ጫማ ጠጋኙ “እትዬ፣ እዚህ የሚቀመጥ ሰው ጫማውን ያወልቃል” እያለ ይቀልድብኛል።

ዓመትሽን አግኝቼልሻለሁ። ያልሽውን ሁሉ አንብቤአለሁ፤ ሰባት ጊዜ ስምንትንም አልረሳሁትም፤ በማግስቱ ሳትሳሳቺ መልሰሽዋል። አሁን አለቃሽ ፊት ቁሚና ተሳስቻለሁ በዪ።

አክስትሽ

ግንቦት 11 ቀን

ለውድ አክስቴ፤

ቤትዎን ሰላም ይሙላው። ዝም ስላሉኝ መልስዎን ሳልጠብቅ ጽፌአለሁ። ባለፈው የተናገርሁትን በቁጣዬ ይዩልኝ፤ ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፣ አይመለስም።

የዘር ሰብሳቢውን ቃል ራሴ ጻፍሁት። “ዘሩ ሳይለይ እንዳለ ተልኳል” ይላል። በስምዎ ፈረምሁ። ፊርማዎን ከልጅነቴ ጀምሮ በየካርዴ ግርጌ ሳየው ስላደግሁ በአንድ ጊዜ ወጣልኝ። አለቃዬ ጥንቁቅ ሰው ነው፤ ማረጋገጫ ብሎ ይጽፍልዎ ይሆናል። “አዎ” ይበሉት፤ ሌላ ቃል አይጨምሩ።

ስለ ዛፉ ደግሞ፣ ያንን ጭራ እንዳያነጋግሩት። ቶሎ ቢቆርጡት ነው የሚሻለው። ዛፉ ከቆመ ነገ ሌላ ሰው መጥቶ ፍሬውን ይለቅማል፤ ባዶውን ይቆጥራል፤ እኔም አለቀልኝ። ከተቆረጠ ግን የእኔን ቃል የሚያፈርስ በምድር ላይ የለም። ግንዱ ለጣውላ ይሆናል፤ ትምህርት ቤቱም ወንበር ያገኝበታል።

ለጠየቁኝ ሁሉ መልስ ልስጥ። በክረምቱ እመጣለሁ። ለትከሻዎ መድኃኒት ይዤልዎ እመጣለሁ። ፎቶግራፌም ከዚህ ጋር ነው፤ ትልቁን ነው ያስነሣሁልዎ።

የምትወድዎ ልጅዎ

ሰኔ 14 ቀን

ለወንድሜ ልጅ፤

የሚመጣውን የምትሸከሚበት ጀርባ ይስጥሽ።

የግንቦት ደብዳቤዎቻችን መንገድ ላይ ተላልፈዋል። አንቺ ይቆረጥ ብለሽ ስትጽፊ ዛፉን በልመና አቁሜዋለሁ።

የአለቃሽ ደብዳቤም ደርሶኛል። መዝገበ ቃላት ይዤ አነበብሁት። ሁለት ነገር ይጠይቃል፤ ዘሩን ለይተዋል ወይ? ፊርማው የእርስዎ ነው ወይ? ጥሩ ጥያቄዎች ናቸው፤ ለማምለጫ ቀዳዳ የላቸውም። ለመጀመሪያው “አዎ” ብዬ መለስሁ፤ ለሁለተኛው “አይደለም”። ከዚያ ያልተጠየቅሁትን ጨመርሁ፤ ዕድሜዬን ሙሉ ያላደረግሁት ነው። ዘሩን በውሃ የለየሁት እኔ እንደሆንሁ፣ በአዳራሹ ስትናገሪም ይህን እንዳላወቅሽ፣ ለምን እንደሚፈለግ ብትነግሪኝ ኖሮ እንደማልለየው ጻፍሁ። ፊርማውን ግን መሸፈን አልቻልሁም። ያ የአንቺ ነው።

ደብዳቤው ትናንት ሄዷል። ይህ የሚከተለው ነው። እንግዲህ ይህን ስታነቢ አለቃሽ ወንበር አቅርቦልሻል ማለት ነው። አስቀድሜ ልነግርሽ እችል ነበር። ብነግርሽ ሌላ ወረቀት ትጽፊ ነበር።

ፎቶግራፍሽ ደርሶኛል። ከስተሻል። አልሰቀልሁትም፤ ጉቦ ግድግዳ ላይ አይወጣም።

አሁን ወደ ዛፉ ልመለስ። ጭራው ትናንት ዘበኛውን ልኮብኝ ነበር። መሐንዲሱ ፕላኑን ከማጽደቁ በፊት የመጨረሻ ቃል ይፈልጋል። “ዛፉ ለማንም የማይፈለግ ከሆነ የልጆቹን ሜዳ ለምን አበላሻለሁ?” ብሏል። ከጭራው የመጣ ቢሆንም ጥያቄው ልክ ነው። ለዚህ መልሱ እኔ ዘንድ የለም።

የምታስቢውን አውቃለሁ። ዛፉ እንዲቆረጥ የፈለግሽው ባዶው እንዳይቆጠር ነበር። አሁን የሚደበቅ ነገር አልቀረሽም። ዘበኛው ትናንት ነፋስ ከላይ የሰበረውን አንድ ቅርንጫፍ በአጥሩ ሽቦ ቀዳዳ አሳየኝ፤ ጭቅላዎቹ የዶሮ እንቁላል አክለዋል። ውስጣቸው የሚበዛው እንደሚሞት ከአንቺ ተምሬአለሁ። ከርሞ ሲደርሱ ሳልለይ፣ ውሃ ሳላስነካ፣ ከነገለባቸው አኖርልሻለሁ። አለቃሽ ከታገሠሽ እዚያ ትቆጥሪዋለሽ፤ ካልታገሠሽ እዚህ። እኔ ቤት ራጅ የለም፤ ምላጭ ግን አለ። ዘር ለሁለት ሰንጥቆ ውስጡን ማየት ይቻላል። ያገኘሽውን ባዶ ባዶ ብለሽ ጽፈሽ በስምሽ ትልኪለታለሽ፤ ውል ባይሰጥሽም ያነበዋል። ከመጣሽ አልወቅስሽም አልልም፤ እወቅስሻለሁ፤ በየቀኑ። አልጋሽ ግን እንደ ተነጠፈ ነው።

ስለዚህ አንድ ጥያቄ ብቻ አለኝ፤ ዛፉ ይቁም ወይስ ይቆረጥ? አንድ ቃል ይበቃል። መሐንዲሱ እስከ ሐምሌ መጨረሻ ይጠብቃል። ከዚያ ካለፈ ዝምታሽን “ይቆረጥ” ብዬ አስተላልፋለሁ፤ ሁለተኛም አልጠይቅሽም። ይህ ደብዳቤ በደረሰሽ ዕለት፣ ካፖርትሽን ሳታወልቂ፣ ጻፊልኝ።

አክስትሽ